የፍሬን ዲስክ ለወሎ ቁልቁለት፦ አያያዙና አቀያየሩ

ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ የሚገባ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ቤተሰብ አሳፍሮ፣ ከኋላ ሻንጣና ጤፍ የጫነ ራቭ ፎር ወይም ቪታራ ወደ 1,800 ኪሎ ይጠጋል። ያ ሁሉ ክብደት ያን ያህል ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። ሞተሩም በማርሽ ከተያዘ ድርሻውን ያነሳል። የቀረው በሙሉ የሚያርፈው የፍሬን ዲስኮቹ (ከጎማው ጋር የሚዞሩት ክብ ብረቶች) ላይ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በፊተኞቹ ሁለት ላይ።

ስለዚህ "ዲስክ ስንት ኪሎ ሜትር ያገለግላል?" ብሎ ለሚጠይቅ የወሎ ሾፌር ቁጥር መስጠት አይቻልም። ሜዳ ከተማ ውስጥ ብዙ ዓመት የሚቆይ ዲስክ እዚህ ቶሎ ያልቃል። እንደ አነዳዱ ደግሞ እዚህም ብዙ ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው ኪሎ ሜትር መቁጠሩን ትቶ መለካት ነው። አለካኩም አቀያየሩም ከዚህ በታች አለ። መጀመሪያ ግን ዕድሜውን ስለሚያረዝመው ነገር።

ዲስኩን የሚያኖረው አነዳድ

በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለው የከባድ መኪና ሾፌሮች ሕግ ለቤት መኪናም ይሠራል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገቡ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። አውቶማቲክ ከሆነም "ዲ" ላይ ትታችሁ አትውረዱ፤ "ኤል"፣ "2" ወይም "ኤስ" ካለው ወደዚያ አውርዱት። ሞተሩ ይጮኻል። ይጩኽ። ቀዩን መስመር እስካልነካ ድረስ ምንም አይሆንም።

ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው አለ። ነገሩ ግልባጭ ነው። ኢንጀክሽን ያለው መኪና በማርሽ ተይዞ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ራሱ ይዘጋል። በዜሮ ማርሽ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል። ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል።

ፍሬኑን ስትይዙ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ ኮምቦልቻ መውረድ ዲስኩን ያለ ፋታ ማቃጠል ነው። አጠር ባለ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ለቅቆ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ ይሻላል።

ሜዳው ላይ ስትደርሱም ወዲያው አትቁሙ። ጥቂት ደቂቃ ቀስ እያላችሁ ንዱ፣ ዲስኩ ይቀዝቅዝ። የጋለ ዲስክ ላይ ሸራው (ዲስኩን ከሁለት ጎን ቆንጥጦ የሚይዘው) ተጣብቆ ከቆመ፣ ከሸራው የሚቀልጠው ነገር በቆመበት ቦታ ማኅተም ይተዋል። በኋላ የሚመጣው መንቀጥቀጥ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የኋላው ስለሚግል የእጅ ፍሬንም ወዲያው ባይሳብ ጥሩ ነው። ማርሽ አስገቡ ወይም "ፒ" ላይ አድርጉና ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፉ። ስትነሱ ድንጋዩን ከመንገዱ አንሱ እንጂ! ማታ የሚመጣው ባለ ሞተር አያየውም።

ላቫጆም እንደዚያው ነው። ከቁልቁለት እንደወረዱ በቀጥታ ቀዝቃዛ ውኃ በቸርኬው መርጨት ዲስኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። መጀመሪያ አቦል ጠጡ፤ ቶናው ሲደርስ መኪናው ይታጠብ።

የፍሬን ዘይት ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲገባበት ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ያረጀ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል፣ ቱቦው ውስጥ ጋዝ ይፈጠራል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። "ፍሬን በጠሰ" ከሚባለው ውስጥ አንዱ ይሄ ነው፤ የተበጠሰ ነገር ሳይኖር። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት። ዶት 3 የሚጠቀም መኪና ዶት 4 ቢያደርጉለት ይስማማዋል፤ ለእኛ አገር ቁልቁለት የምመርጠውም እሱን ነው። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ግን ከሁለቱም ጋር አይቀላቀልም።

ምልክቶቹ

ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ጣጣው ብዙ ጊዜ ከፊት ነው። ወንበሩና ፔዳሉ ከሆነ የሚርገበገበው ከኋላ። ቀጭን ፉጨት ብዙ ጊዜ የሸራው ማስጠንቀቂያ ብረት ዲስኩን መንካቱ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማ ማጓራት ካለ ሸራው አልቋል፤ እዚያው አቁሙ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንዱ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) አልንቀሳቀስ ብሎ ይሆናል።

ሁሉም ድምፅ ግን በሽታ አይደለም። በክረምት ደሴ ያደረ መኪና ጠዋት ዲስኩ ላይ ቀይ ዝገት ይታይበታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። ኮረኮንች ገብታችሁ ስትወጡ ድንገት የሚያሳክክ ጩኸት ከመጣ፣ በዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ላሜራ መካከል ጠጠር ገብቶ ይሆናል። ወደኋላና ወደፊት ትንሽ ነድታችሁ ካልወደቀ፣ ላሜራውን በካቻቪቴ ፈልቀቅ አድርጉት።

መካኒኮች "ዲስኩ ጠሟል" ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አልጠመመም። ውፍረቱ በዙሪያው እኩል አለመሆኑ ነው፤ ልዩነቱም የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። ይሄን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ያለ ዝገት፣ ወይም የጎማ ዳዶዎቹን በአየር መፍቻ ያለ ልክ ያጠበቀ ጎሚስታ ነው። ምክንያቱ ካልጠፋ አዲስ ዲስክም ቢገጠም መንቀጥቀጡ ተመልሶ ይመጣል።

መለካት

እያንዳንዱ ዲስክ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተጽፏል፤ በመካከለኛው ቆብ ላይ ወይም በጠርዙ፣ "ሚን" ከሚል ጽሑፍ አጠገብ። ዝገት ከሸፈነው በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። አዲሱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ ገደቡ ብዙ ጊዜ 25 ወይም 26 ነው። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ለመበላት የተሰጠው።

ያገለገለ ዲስክ ዳሩ ላይ ሸራ የማይደርስበት ከንፈር ያወጣል። በካሊብሮ (በውፍረት መለኪያ) ዝም ብላችሁ ከለካችሁ የምትለኩት ከንፈሩን ነው፤ "ገና ወፍራም ነው" ብላችሁ ትሸወዳላችሁ። ዘዴው ቀላል ነው። ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ውሰዱ። አንዱን በዚህ ፊት፣ አንዱን በዚያ ፊት፣ ሸራው በሚፋተግበት ቦታ ላይ አስደግፉና ከነሳንቲሙ ለኩ። ከዚያ ሁለቱን ሳንቲሞች ደርባችሁ ለብቻ ለኩና ቀንሱ። በዙሪያው አራት አምስት ቦታ ድገሙት። በጣም ትንሿን ቁጥር ያዙ። ለመንቀጥቀጥ የሚሆነውን ልዩነት ለማግኘት ግን ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፤ ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ጠይቁ።

ወደ ገደቡ የቀረበ፣ ከቀዳዳ እስከ ጠርዝ ስንጥቅ የወጣበት፣ ወይም ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ቦይ ያለው ዲስክ ይቀየር። ሰማያዊ ነቁጥ ከልክ በላይ መጋሉን ያሳያል። ሸራው ደግሞ ከብረቱ ውጪ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየራል።

ቶርኖ ማስመታትስ? ውፍረቱ ከተላገ በኋላም ከገደቡ በደንብ የሚበልጥ ከሆነ ይሆናል። ነገር ግን የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት ያንሰዋል፣ ቶሎም ይግላል። ሜዳ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ መኪና ልቀበለው እችላለሁ። በየሳምንቱ ወደ ባቲ ወይም ከወልዲያ ወዲያ ላለው የድልብ ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ መኪና አልመክረውም።

ግዢ

የሻንሲ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ያዙ። አሮጌውን ዲስክ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ባለ ሱቁ "አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ለሁሉም ቪታራ ይሆናል" ይላችኋል። አይሆንም። አንድ ዓይነት ስም ያለው መኪና በዓመተ ምርቱና በሞተሩ የተለያየ ዲስክ ይወስዳል። ባንኮኒው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኟቸው፦ ስፋታቸው፣ የቆቡ ከፍታ፣ የቀዳዳው ብዛትና የመካከሉ ክብ እኩል ይሁኑ። መካከሉ ለነፋስ ክፍት የሆነውን በድፍኑ አትተኩ።

ሁልጊዜ ጥንድ ግዙ፤ ግራና ቀኝ። ሸራውም አብሮ አዲስ ይሁን፣ ምክንያቱም አሮጌ ሸራ የአሮጌውን ዲስክ ቦይ ይዞ ነው የሚመጣው።

ለሥራው ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና ደግፎ የሚያቆም)፣ ታኮ (የጎማ ማገጃ)፣ የጎማ መፍቻ፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፍ፣ የእጅ ሞርሳ፣ ሽቦ፣ ሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የዝገት ማላቀቂያ፣ ለፍሬን የሚሆን ሙቀት የሚችል ግራሶ ይያዝ። ቶርክ ሬንች (በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ) ያለው ሰው ካወቃችሁ ተዋሱ። የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፤ የሸራ ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በውኃ አርጥባችሁ ጥረጉት።

አቀያየር፦ የፊቱ

ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ እሱን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ሜዳ ካለው ዘመድ ቤት ሂዱ። መኪናው በርዶ ይደር ወይም ቢያንስ ሰዓት ይቆይ።

የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎችን ታኮ አድርጉ። የጎማ ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር አላሉ። ከዚያ በክሪክ አንሱና ካቫሌቶው ላይ አሳርፉ። ክሪክ የማንሻ እንጂ የማቆያ ዕቃ አይደለም። ብሎኬት መደርደርም አይሆንም፤ መሐሉ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። የፈታችሁትን ጎማ ከመኪናው ሥር አስተኙት፤ ካቫሌቶው ቢከዳ እሱ ይይዛል።

አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካፈረሳችሁ የትኛው ክሊፕ የት እንደነበር የምታዩበት ነገር አይኖርም። ከመፍታታችሁ በፊትም ፎቶ አንሱ።

መሪውን የካሊፐሩ ጀርባ ወደ ውጪ ወደሚወጣላችሁ ጎን አዙሩት። ከጀርባው ሁለት ትናንሽ ቡሎኖች አሉ፤ ፒኑ አብሮ ከዞረ በሌላ ቁልፍ ያዙት። ካሊፐሩ ሲወጣ በቱቦው አታንጠልጥሉት። በሽቦ ከሞላው ጋር እሰሩት። ቱቦው ከውስጥ ከተጎዳ ከውጪ አይታይም፤ የሚታወቀው አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ነው።

ሸራዎቹን አውጡ። የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ክዳን ክፈቱና እስከ አፉ ከሞላ በስሪንጅ ትንሽ ቅዱለት፤ ፒስቶኑ (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋው) ወደኋላ ሲገፋ ዘይቱ ይመለሳልና። የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ወዲያው በውኃ እጠቡት። አሮጌውን ሸራ ፒስቶኑ ላይ አስደግፋችሁ በእጅ ሞርሳው ቀስ ብላችሁ ግፉ። በቀላሉ መግባት አለበት። እምቢ ካለ ወይም ዙሪያው ያለው ጎማ ከተቀደደ ሥራው እዚህ ይቁም፤ ካሊፐሩ ራሱ መታየት አለበት።

አሁን ካሊፐሩን የሚሸከመውን መያዣ ፍቱ። ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች ናቸው፤ ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ 17 ቁልፍ ይይዛቸዋል። ጠንካሮች ናቸው። የዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ጥቂት ጠብቁ፣ ረጅም እጀታ ተጠቀሙ፣ መኪናውን እንዳትነቀንቁት ግን ተጠንቀቁ።

ዲስኩ በእጅ ቢወጣ ጥሩ ዕድል ነው። አብዛኛው ሞዞው ላይ በዝገት ተጣብቆ ነው የሚገኘው። ወደ መዶሻ ከመሮጣችሁ በፊት የዲስኩን ፊት ተመልከቱ። ቶዮታ ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ሁለት አስገቡና አንዱን ሩብ ዙር፣ ሌላውን ሩብ ዙር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ቡሎኖቹ ሞዞውን ሲገፉ ዲስኩ "ጧ" ብሎ ይለቃል። እንደ ተክሰን ያሉት ደግሞ ዲስኩን የሚይዙ ሁለት የመስቀል ቪቶች አሏቸው። በትክክለኛ ልክ ካቻቪቴ ገጥማችሁ ከላይ በመዶሻ አንድ ሁለቴ ምቱ፣ ከዚያ ፍቱ። ራሳቸው ከተላጡ ግማሽ ቀን ይወስዱባችኋል።

ሞዞውን ማጽዳት

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ይሄን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ዲስኩ የሚተኛበት የሞዞው ፊት ላይ የቀረች የዝገት ቅንጣት ዲስኩን ትንሽ ታጋድለዋለች። ዲስኩ ከሞዞው ስለሚሰፋ፣ ያቺ ጋደል ማለት ዳሩ ላይ ስትደርስ እጥፍ ትሆናለች። መኪናው በተነዳ ቁጥር ያ የጋደለው ቦታ ሸራውን እየነካ ይሳሳል። ከወራት በኋላ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ "አዲሱ ዲስክ ፎርጅድ ነበር" ይባላል።

በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉ። የጎማ ቡሎኖቹ ሥር ያለውን ጥግ አትርሱ፤ ዝገቱ የሚደበቀው እዚያ ነው። ጣታችሁን በፊቱ ላይ ሂዱበት፤ ምንም ነገር መቆርቆር የለበትም። በመካከለኛው ክብ ዙሪያ በጣም ስስ ግራሶ ቀቡ፣ ሌላ ቦታ አታስነኩ።

አዲሱ ዲስክ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ጥረጉት። እሱ ከሌለ በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡና ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ከዚያ በኋላ ፊቱን በዘይት እጅ አትንኩ። ሞዞው ላይ አስገቡና በሁለት ዳዶ ያዙት። መለኪያ ሰዓት (መጋደልን የሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ካገኛችሁ እያዞራችሁ ዳሩን ፈትሹ፤ ብዙ መኪና ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው የሚፈቅደው። ከበለጠ ዲስኩን አውጥታችሁ አንድ ቀዳዳ አዙራችሁ ግጠሙና እንደገና ለኩ። ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

መመለስ

መያዣውን መልሱ። የሚንሸራተቱትን ሁለት ፒኖች አውጡ፣ አሮጌውን ግራሶ ጥረጉ፣ አዲስ ቀቡ፣ መልሱ። በጣት ሲገፉ ወዲያና ወዲህ ማለት አለባቸው። የደረቀ ፒን አንዱን ሸራ ብቻ ያስበላል። ክሊፖቹ የሚቀመጡበትን ጥጋጥግ በብሩሽ አጽዱ፣ አዲስ ክሊፕ ከሸራው ጋር ከመጣ እሱን ተጠቀሙ። ሸራዎቹን በፎቶው መሠረት አስገቡ፤ ማስጠንቀቂያ ብረት ያለው የት እንደነበር አይታችሁ። ግራሶ የሸራውን ፊት ከነካ ያ ሸራ ተበላሽቷል።

የመያዣው ትልልቅ ቡሎኖች በብዙ መኪኖች 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይጠብቃሉ፣ የካሊፐሩ ትናንሾች 30 አካባቢ። የራሳችሁን መኪና ቁጥር ከመመሪያው አረጋግጡ። ትንሹን እንደ ትልቁ ያጠበቀ ሰው ይበጥሰዋል። ጎማውን ስትመልሱ ዳዶዎቹን በእጅ ጀምሩ፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጥብቁ፣ መኪናው ከወረደ በኋላ ጨርሱ። የራቭ ፎር ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። ፒስቶኑን ወደኋላ ገፍታችሁታል፤ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው። ይሄን ረስቶ ከግቢ የወጣ መኪና በር ወይም አጥር ላይ ነው የሚቆመው። ፔዳሉ ከጠነከረ በኋላ የዘይቱን ልክ አይታችሁ ክዳኑን ዝጉ።

ኋላውም አካሄዱ ያው ነው፤ ልዩነቱ የእጅ ፍሬኑ ነው። የእጅ ፍሬን መለቀቅ አለበት፣ ስለዚህ የፊት ጎማዎቹን በደንብ ታኮ አድርጉ። ብዙ ቶዮታ ላይ የእጅ ፍሬኑ ሸራ ዲስኩ ቆብ ውስጥ ስላለ፣ ዲስኩ አልወጣ ካለ ማስተካከያዋን በቀዳዳው በኩል በካቻቪቴ አላሏት። አንዳንዱ ፒስቶን በመግፋት አይገባም፤ እየዞረ ነው የሚገባው። የእጅ ፍሬኑ በቁልፍ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ኮምፒውተር ላለው ጋራዥ ስጡት። የእጅ ፍሬኑን ሞተር በግድ ገፍቶ ማቃጠል ከእጅ ዋጋው ይበልጣል።

ማለማመድ

አዲስ ዲስክና ሸራ ወዲያው ቁልቁለት አይወርዱም። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ሜዳ ሜዳውን፣ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ውጡ። ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት በመካከለኛ አያያዝ ቀንሱ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ እንደገና ፍጠኑ። ስምንት አሥር ጊዜ ይበቃል። በየመካከሉ ጥቂት ነድታችሁ አቀዝቅዙ። መጨረሻ ላይ ፍሬን ሳትይዙ አምስት አሥር ደቂቃ ንዱ። ትንሽ የመቃጠል ሽታ ይኖራል፣ አይግረማችሁ። ደሴ የምትኖሩ ከሆነ ወደ ኮምቦልቻው ሜዳ የምትወርዱት በከባድ ማርሽና በዝግታ ይሁን።

ስትመለሱ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ አትንኩ። ግራና ቀኝ ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ በጣም ከጋለ ፒኑ ወይም ፒስቶኑ ይዟል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና በልኩ ፈትሹ።

አሮጌው ዲስክ ከገደቡ በታች ከሆነ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በግራይንደር ዳሩን ቁረጡት። ካልተቆረጠ ታጥቦ "ያገለገለ፣ ጥሩ" ተብሎ ሌላ መኪና ላይ ሊገጠም ይችላል።